በቅሎዋን ሄደህ እያት

ስሙኝማ፣ ባለፈው ቡና ላይ ያነሣችሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «አንዲት ባዝራ፣ ያውም ሩጫ ያቆመች፣ እንዴት በ14 ሚሊዮን ዶላር ትሸጣለች? ለእሽቅድምድም ፈረስ ገበያ እንግዳ የሆነ ሰውስ ባዝራውን ይዞ ቢመጣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» ነበር ያላችሁት። አሁን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምጀምረው ግን ከአሜሪካ አይደለም፤ ከለጋምቦ ነው።

ልጅ ሆኜ አጎቴ ባዝራ ሊገዛ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣን፣ ከደሴ ደግሞ ወደ ለጋምቦ ደጋ። ገበያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግንባሯ ላይ ቦራ ያላት ዳማ ባዝራ ይዘው ቆመዋል። አጎቴ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ፤ መዳፉን ከጫንቃዋ እስከ ጎኗ አሳለፈ፤ አራቱንም እግሯን አንድ በአንድ እያነሣ ኮቴዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። አሁን ዋጋ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ፣

«አባቴ፣ ስንት ወልዳለች?» አላቸው።

«ሦስት። ሁለቱ በቅሎ፣ አንዱ ፈረስ።»

«በቅሎዎቹ የት ናቸው?»

«አንዷን የሩቅ ሰው ወስዷታል። ሁለተኛዋ እዚያ ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ታስራለች። በቅሎዋን ሄደህ እያት።»

አጎቴ ባዝራዋን እዚያው ትቶ ሄደ። በቅሎዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጆሮዋን ነካ፣ አልደነበረችም። ባለቤቷን «ዳገት ላይ ታስቸግራለች? ውሃ ስትሻገር ትፈራለች?» እያለ ጠየቀው። ከዚያ ተመልሶ መጣና ብዙም ሳይከራከር የሽማግሌውን ባዝራ ገዛ።

ይህን ያየ ሰው የአሜሪካዋን የኬንታኪን የፈረስ ገበያ ግማሹን ዐውቆታል የምለው ከልቤ ነው። የዘር ባዝራ ስትገዙ የምትገዙት ፊታችሁ የቆመችውን ብቻ አይደለም። ገና ያልተወለደውን ነው የምትገዙት፤ ያልተወለደውን ደግሞ ማየት ስለማይቻል የተወለዱትን ሄዳችሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደዚያኛው ገበያ እንሂድ። ቶሮብሬድ የሚባለው ፈረስ ለእሽቅድምድም ተብሎ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ እየተመረጠ የተራባ ዘር ነው። የእኛ የደጋ ፈረስ ጫንቃው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው፤ ቶሮብሬድ 1 ሜትር ከ60 ይደርሳል፣ ያልፋልም። ዛሬ በዓለም ያለው ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት ሲቆጠር ወደ እንግሊዝ አገር የገቡ ሦስት ድንጉሎች ዘንድ ይደርሳል፤ ከሦስቱ አንዱ ዳርሊ አረቢያን እ.ኤ.አ. በ1704 ከሶርያዋ አሌፖ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ዌዘርቢ የተባለ ሰው የእነዚህን ፈረሶች የዘር መዝገብ አሳተመ። መዝገቡ እስከ ዛሬ ይቀጥላል፤ እናቱም አባቱም መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ውርንጭላ እንደ ነፋስ ቢበር እንኳ ቶሮብሬድ አይባልም። እንግዲህ የለጋምቦው ሽማግሌ ምስክር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ነበር። የኬንታኪው ሻጭ ምስክር ወረቀት ላይ ነው ያለው።

እኔን በጣም የገረመኝ ነገር ደግሞ ይኼ ነው። አንድ ስመ ጥር ድንጉላ በአንድ ወቅት ብቻ ከ150 በላይ ባዝራ ሊያጠቃ ይችላል። ባዝራዋ ግን 11 ወር ያህል አርግዛ በዓመት ብትወልድ አንድ ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ቋንቋ በአባት ብቻ የሚገናኙ ፈረሶች ወንድማማች አይባሉም፤ ብዛታቸው ልክ የለውማ። ወንድም፣ እኅት የሚባለው የእናት ልጅ ብቻ ነው። እኛስ ብንሆን በጣም የምንሳሳለትን ወንድም «የእናቴ ልጅ» አይደል የምንለው?

የ14 ሚሊዮኗ ባዝራ ስሟ ቤተር ዛን ኦነር ነው። ወንዱ ልጇ ጃዚል እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ላይ የሚካሄደውን ታላቁን የቤልሞንት ውድድር አሸነፈ። በዓመቱ፣ በ2007፣ ሴቷ ልጇ ራግስ ቱ ሪችስ ያንኑ ውድድር አሸነፈች፤ ከ1905 ወዲህ ቤልሞንትን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ፈረስ ነበረች። እናትየው በ2008 ኬንታኪ ውስጥ ለጨረታ ስትቀርብ ያ ዋጋ ተጠራ። የጨረታው ገዢ አጎቴ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ያየውን ነው ያየው፤ ልዩነቱ የእሷ «በቅሎዎች» በመላው ዓለም ፊት መሮጣቸው ነው።

ምንም ያልወለደች ባዝራስ? እሷም ትሸጣለች፤ ያን ጊዜ ምስክሯ የራሷ ሩጫ ነው። ማርሻ የተባለች የአጭር ርቀት ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ ኒውማርኬት በሚገኘው በታተርሶልስ ጨረታ 6 ሚሊዮን ጊኒ አወጣች። ታተርሶልስ ከ1766 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ዋጋ የሚጠራውም እስከ አሁን በጊኒ ነው። አንድ ጊኒ ማለት አንድ ፓውንድ ከአምስት ፔንስ ነው።

በጨረታው ካታሎግ ላይ እያንዳንዷ ባዝራ አንድ ገጽ አላት። ገጹ «አንደኛ እናት» ብሎ የወለደቻትን ይጠራል፣ «ሁለተኛ እናት» ብሎ አያቷን፣ «ሦስተኛ እናት» ብሎ ቅድመ አያቷን። በየእናቲቱ ሥር ልጆቿ ከነውጤታቸው ይዘረዘራሉ። ከታወቁት ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ ልጅ ስሙ በደማቅ ትልልቅ የላቲን ፊደል ይታተማል፤ ሳያሸንፍ ከፊተኞቹ ጋር የገባ በደማቅ ትንንሽ ፊደል። የቀረው ሁሉ በተራ ቀለም ነው። ገዢ ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን ጥቁረት ነው። ቀጥሎ የት ጋ እንዳለ ያያል። አንደኛ እናት ሥር ያለ ጥቁረት ገንዘብ ነው። ሦስተኛ እናት ሥር ብቻ ያለው ግን የሩቅ ዘመድ ክብር ነው፤ ደስ ይላል እንጂ እራት አይሆንም።

ገጹ ደግሞ ሕይወት አለው። ካታሎጉ ከታተመ በኋላ የባዝራዋ እኅት ልጅ አንድ ትልቅ ውድድር ቢያሸንፍ ዋጋዋ በአንድ ሌሊት ይነሣል፤ እሷ እኮ ከምትግጠው ሣር ቀና አላለችም! ስለዚህ ሻጭ የባዝራውን ዘመዶች ሩጫ በየሳምንቱ መከታተል አለበት። አዲስ ሻጭ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ጠባይዋ የዋህ ነው፣ መልኳ ያምራል» ብሎ ያቀርባታል። የእሽቅድምድም ሰው የሚጠይቀው ግን «ማንን ወለደች? የእናቷስ ልጆች ምን ሠሩ?» ነው።

ሆዷ ውስጥ ያለውም ይጠየቃል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የቶሮብሬድ ሁሉ ልደት ጃንዋሪ 1 ነው ተብሎ ይቆጠራል። ዲሴምበር 31 የተወለደ ውርንጭላ በማግስቱ «አንድ ዓመት ሞላው» ይባላል ማለት ነው፤ በሩጫ የሚገጥመው ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ከተወለዱት ጋር ነው። በዚህ ምክንያት ባዝራ ወደ ድንጉላ የምትቀርበው ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ቶሎ የያዘችዋ ዋጋዋ የተሻለ ነው። ትልልቆቹ የባዝራ ጨረታዎች በኖቬምበርና በዲሴምበር የሚውሉትም፣ የኬንታኪው ኪንላንድ፣ የአየርላንዱ ጎፍስ፣ የእንግሊዙ ታተርሶልስ፣ ማን እንዳረገዘች በዚያን ጊዜ ስለሚታወቅ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳቀል በቶሮብሬድ ክልክል ስለሆነ ባዝራዋ ድንጉላው ያለበት ድረስ መሄድ አለባት። አዲስ ሻጭ መካከለኛ ባዝራ ቢኖረው እንኳ ገበያው ከሚፈልገው ወጣት ድንጉላ አስጠቅቶ፣ አርግዛ ሳለ ለጨረታ ሊያቀርባት ይችላል። ገዢው በአንድ ዋጋ ሁለት ነፍስ ይወስዳል። ድንጉላው ግን በዓመቱ ፋሽኑ ካለፈበት ኪሳራው የሻጩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችሁ ልምጣ፤ እንግዳው ሰው ምን ያድርግ? የሚጎድለው ስም ነው፤ ስለዚህ ስም ይዋሳል። በእነዚህ ጨረታዎች ባዝራዎችን ለሌሎች ተቀብለው የሚያቀርቡ ወኪሎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ 5 በመቶ አካባቢ ይወስዳሉ። ባዝራዋን ያሰናዷታል፣ ከጨረታው በፊት ባሉት ቀናት ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ከበረት እያወጡ ያስኬዷታል፣ ሐኪም ሲመጣ መረጃዋን ያቀርባሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ግን ገዢው ወኪሉን ለዓመታት ስለሚያውቀው ለባዝራዋም ጆሮ መስጠቱ ነው። እኛ ዘንድ በማያውቁት ገበያ ዋስ ይዞ እንደመግባት ያለ ነው።

ቦታውንም መምረጥ ያስፈልጋል። ኪንላንድ በኖቬምበር የሚያካሂደው ጨረታ ብዙ ቀን ስለሚወስድ ካታሎጉ በመጻሕፍት ይከፈላል፤ ምርጦቹ የመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። መካከለኛ ባዝራ እነሱ መካከል ብትቆም ማንም አያያትም። በአቻዎቿ መካከል፣ ቀለል ባለው ቀን ብትቀርብ ግን ዐይን ውስጥ ትገባለች።

እውነት መናገር ደግሞ ግዴታ ነው። እንጨት የመንከስና አየር የመዋጥ ልማድ ያላት ፈረስ ብትሆን ሻጩ አስቀድሞ ይናገራል። ዘንድሮ ሳትይዝ ከቀረችም ካታሎጉ ላይ ይጻፋል፤ ማኅፀኗና እርግዝናዋ በአልትራሳውንድ ይታያል። የደበቀ ሻጭ ፈረሱ ይመለስበታል፤ ከፈረሱ ጋር ስሙም ይበላሻል። ስም የሌለው አዲስ ሰው ደግሞ የሚበላሽ ስም እንኳ ገና አላፈራም። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚያቀርባት ባዝራ ጉድለቷን ሁሉ ነግሮ የሸጣት መሆን ያለባት የምለው፤ ዋጋዋ ቢያንስ እንኳ።

«ታዲያ የእኛን ፈረስ እዚያ ወስዶ መሸጥ አይቻልም?» ማለታችሁ አይቀርም። መዝገብ ላይ ስለሌለ ለእሽቅድምድሙ አይሆንም። ሌላም እንቅፋት አለ፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ አገራችን ውስጥ አለ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ በሽታው ካለበት አገር ፈረስ ማስወጣት ግን እጅግ ከባድ ነው። የታወቀ የቶሮብሬድ እርባታ ያላት ደቡብ አፍሪካ እንኳ በዚሁ ምክንያት ፈረሶቿን ሞሪሸስ ደሴት ላይ ለወራት ለይታ እያቆየች ስትልክ ኖራለች።

እኔን የሚቆጨኝ ግን መላኩ አይደለም። የእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ የነበረ ሰው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ የእኛው የወሎው ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ፣ አባ ሻንቆ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ የመሩት እሳቸው ናቸው። የሻንቆን ስም ይኸው እናውቃለን። ሻንቆን የወለደችው ባዝራ ግን ማን ነበረች? የዳኘውስ እናት? ከየትኛው ደጋ መጣች? በቃል የሚያውቋት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ሲያልፉ አብራ አለፈች።

ደግሞ ፈረስ ያለፈበት አገር አይደለንም። ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አለን። አዊ ውስጥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ በየዓመቱም ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቻቸውን አሸብርቀው በዓላቸውን ያከብራሉ። በቅሎ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ መልካም በቅሎ የምትወልድ ባዝራ ደጋ ላይ ሀብት ናት። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እያልን እንተርትባታለን። ባዝራ ለሚገዛ ሰው ግን በቅሎዋ ትክክለኛውን መልስ ነው የሰጠችው።

አጎቴ የገዛት ያቺ ባዝራ ከሞተች ቆይታለች። የልጅ ልጇ አሁን የአጎቴ ልጅ ዘንድ ናት፤ ዘንድሮ ጥር ውስጥ ሴት ውርንጭላ ወለደች። ሊጠይቁት የመጡ ገዢዎች ነበሩ፤ «የማን ዘር ናት?» ሲሉት የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ሄድኩና በማስመሪያ አሰመርነው፤ የተጠቃችበት ቀን፣ ከማን ድንጉላ፣ የወለደችበት ቀን፣ ጾታ፣ መልክ፣ ለማን ተሸጠ። አንደኛ እናት ቀላል ነበር። ሁለተኛ እናት ላይ የአጎቴን ሚስት ስንጠይቅ አመሸን። ሦስተኛ እናት ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን እኔ ተቀበልኩትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ዳማ፣ ግንባሯ ቦራ። ከለጋምቦ ገበያ ከአንድ ሽማግሌ የተገዛች። እዚያ ሳለች ሦስት ወልዳለች፤ ሁለቱ በቅሎ፣ አንዱ ፈረስ። አንዷ በቅሎ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ትታሰር ነበር፤ ጆሮዋን ሲነኳት አትደነብርም።»