ሙቀቱን የሚይዘው ሱፉ ነው ወይስ አየሩ?

ሱንድቢበሪ፦ በቆዳ ስፋት ከስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ ትንሿ በሆነችው በዚህች ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ውጪው በረዶ ሆኖ ቤት ውስጥ በሸሚዝ መቀመጥን ለምደነዋል። ሰሞኑን የሪስኔ ነዋሪ የሆነ አንድ ወገናችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቀው ደብረ ብርሃን ለእናቱ ቤት እያሠራ መሆኑን አጫውቶን፣ «ከቆርቆሮው ሥር የሚገባውን ሱፍ ጠቅጥቄ ባስሞላው ይሻላል አይደል?» ሲል ጠየቀን። ቀላል ጥያቄ መስሎን ነበር።

የድንጋይም ሆነ የብርጭቆ ሱፍ በራሱ ሙቀት አይሰጥም። ሥራው በቃጫዎቹ መሐል ያለውን አየር እንዳይላወስ መያዝ ነው። አራት እጥፍ ጋቢም ሆነ የመንዝ ባና የሚያሞቁት በዚሁ ዘዴ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በኤሌክትሪክ የሚግል ጠፍጣፋ ብረት ከላይና ከታች በሁለት ተመሳሳይ የሱፍ ቁራጮች ይሸፈናል፤ ከእነርሱ ውጪ ሁለት ቀዝቃዛ ብረቶች ይገጠማሉ። የመሐሉን ብረት ዙሪያውን የከበበ ሌላ ማሞቂያ አለ። እሱ ዘበኛ ነው፤ እኩል እየጋለ ሙቀቱ ወደ ጎን እንዳያመልጥ ያግዳል። ሙቀቱ እስኪረጋ ለሰዓታት ይጠበቅና የፈጀው ኤሌክትሪክ፣ የሱፉ ስፋትና ውፍረት፣ የሁለቱ ፊቶች የሙቀት ልዩነት ይሰላል። የዚህ አለካክ ዓለም አቀፍ መሥፈርት፣ አይኤስኦ 8302፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። (በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነታችን ዘመን ስንቱን ቁጥር «እንዴት ተለካ?» ሳንል አትመናል!)

ውጤቱ በዋት በሜትር በዲግሪ ሲገለጽ፣ የረጋ አየር 0.026፣ ጥሩ ሱፍ ከ0.035 እስከ 0.040፣ ውኃ ግን 0.6 ገደማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሙቀት የሚያልፈው በዝግታ ነው። ሱፉ ከመጠን በላይ ከሳሳ አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጨረርም ያልፋል። ከመጠን በላይ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ቃጫዎቹ እየተነካኩ ሙቀቱን ያቀባብሉታል። ከዚህም የሚብሰው ውፍረቱ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትሩ ሱፍ ወደ 5 ከታመቀ መከላከያው በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆርቆሮ ሌሊት በውስጥ በኩል ያልባል። ስለዚህ ከሱፉ በላይ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከሱፉ በታች በክፍሉ በኩል ደግሞ የእንፋሎት መከላከያ ላስቲክ ያስፈልጋል አልነው። ወገናችን ዝም ብሎ ቆየ። ለካ አናጢው ሁለቱን ጥቅል በአንዱ ቦታ አጭቆ ኮርኒሱን መቷል። እሁድ ደውሎ ሊያስፈታው ነው።