የጎረቤት ቃል መያዣ ሲሆን
የክልል የልማት ብድር ለትንንሽ ሥራዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚደርሰው እንዴት ነው?

በየአጥቢያውና በየፕሮጀክቱ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ጉልበትም ሙያም አለን፣ መነሻ ገንዘብ ግን ከየት እናምጣ?» የሚል ነው። የሚጠይቁት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ ከብት ማድለብ የሚያውቁ ገበሬዎች፣ የሽመና ሙያ ያላቸው ወጣቶች፣ አንዳንዴም እህላቸውን በጋራ ለመሸጥ የተደራጁ ማኅበርተኞች ናቸው። ከእኛ የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጥቂት ገንዘብ እንሰጣቸዋለን፣ ወይም «ብድርና ቁጠባ ሂዱ» ብለን እንሸኛቸዋለን። አሠራሩን ሳናውቅ ከላክናቸው ግን ሰውየውን ከዕዳ፣ ጎረቤቶቹንም ከጠብ ላይ ልንጥል እንችላለን። ስለዚህ የአማራ ክልልን ምሳሌ ወስደን ነገሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ተቋሙ ከየት መጣ?

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ በአጭሩ «አብቁተ» የሚለው፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 በአማራ መልሶ መቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ) ሥር ሆኖ ነው። አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ሥራን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝቶ ራሱን የቻለ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተሸጋግሮ ፀደይ ባንክ ተባለ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተቋሙ የተወለደው ከእርዳታና ከልማት ድርጅት ቤት ነው፤ የጸናው ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ፣ የራሱን መዝገብና የራሱን ደንብ ይዞ ነው። የሚሰጥ እጅና የሚያበድር እጅ አንድ ሲሆኑ ተቀባዩ የትኛውን እንደሚመልስ፣ የትኛውን እንደማይመልስ ይምታታበታል።

ባንክ ያልደረሰበት ቦታ

አንድ መደበኛ ባንክ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል፤ ቤት፣ መኪና፣ ወይም ፋብሪካ ማለት ነው። የገጠር ሰው ይህ የለውም። መሬትም በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው አይሸጠውም። ከዚህም ሌላ 2,000 ብር ለማበደርና 2,000,000 ብር ለማበደር የሚጻፈው ወረቀትና የሚባክነው ጊዜ ብዙ ስለማይራራቅ፣ ትንሹ ብድር ለባንኩ ኪሳራ ይሆንበታል። በዚህ የተነሣ ድሃው ሲቸግረው የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነበር።

የክልሉ ተቋም ይህን ችግር የፈታው በቡድን ዋስትና ነው። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩና የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ራሳቸው ተመራርጠው ቡድን ይመሠርታሉ። በቀበሌው ያለው የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ እነማን እንደሆኑ ያረጋግጣል። ብድሩ ለእያንዳንዱ በስሙ ይሰጣል፤ አንዱ ባይከፍል ግን ሌሎቹ ይከፍላሉ። እንግዲህ መያዣው የጎረቤት ቃል ነው ማለት ነው። ማን ሠራተኛ፣ ማን ገንዘብ አባካኝ እንደሆነ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይልቅ ጎረቤት ስለሚያውቅ፣ የማጣራቱን ሥራ ለጎረቤት መተው ወጪውን ያቀልለዋል። እቁብና እድር ለለመደ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ብድር ጣሪያ 5,000 ብር ነበር። ኋላ ላይ ደንቡ ሲሻሻል ከፍ ያለና ለአንድ ሰው ለብቻው የሚሰጥ ብድርም ተፈቀደ።

ገንዘቡ የማን ነው?

ብዙዎች «የመንግሥት ገንዘብ ነው» ወይም «የፈረንጅ ገንዘብ ነው» ብለው ያስባሉ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአፍሪካ ልማት ባንክና ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ በደገፉት የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም፣ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋሞች የሚከፋፈል ገንዘብ ነበረ። ይህም ቢሆን ለተቋሞቹ የተሰጠው በብድር ነው። ሌላው ትልቁ ምንጭ ደግሞ ቁጠባ ነው፤ የገበሬው፣ የነጋዴዋ፣ የጡረተኛው ተቀማጭ። አንድ ተበዳሪ ገንዘቡን ሲያስቀር የሚጎዳው ስሙ የማይታወቅ ሀብታም ሳይሆን ምናልባት በዚያው ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ይህን ለምእመናን በግልጽ መንገር የእኛ ኃላፊነት ነው።

የወለድ አቆጣጠር

ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ወለዱ በምን ላይ እንደሚቆጠር ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው 12,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮ፣ በየወሩ 1,000 ብር ከዋናው ዕዳ እየመለሰ በ12 ወር ይጨርሳል እንበል።

ወለዱ እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 12,000 ብር ላይ ከተቆጠረ፣ በዓመቱ የሚከፍለው ወለድ 2,160 ብር ነው። ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ከተቆጠረ ግን 1,170 ብር ብቻ ይሆናል። የተጻፈው በመቶኛ ያው 18 ሆኖ ሳለ የ990 ብር ልዩነት አለ። ስለሆነም «ስንት በመቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአገልግሎት ክፍያና በግዴታ የሚቆጠብ ገንዘብ ካለም ተደምሮ መታየት አለበት።

የመክፈያውም ጊዜ ከሥራው ጋር መስማማት ይገባዋል። ጉልት ላይ የምትነግድ ሴት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብትከፍል ይቀልላታል። በሬ የሚያደልብ ሰው ግን በሬው እስኪሸጥ ድረስ ምንም ገቢ የለውም፤ በየወሩ ክፈል ቢባል መኖውን ሸጦ ይከፍላል፣ በሬውም ከስቶ ገበያ ይወጣል። ለእርሻ የተወሰደ ብድር ደግሞ አዝመራ ከገባ በኋላ የሚከፈል ሲሆን ይሻላል። ይሁንና ቀኑ አዝመራው ከተወቃበት ሳምንት ጋር ከገጠመ ገበሬው እህሉን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ሥራው ሲሰፋ

ሥራው ከጉልት አልፎ ወፍጮ፣ የእንጨት ሥራ ወይም የብረታ ብረት ሥራ ሲሆን የጎረቤት ቃል ብቻውን አይበቃም። ተደራጅተው ለሚመጡ ወጣቶች የተለመደው አሠራር 20 በመቶውን ራሳቸው ቆጥበው 80 በመቶውን እንዲበደሩ ነው። መሣሪያ ለሚፈልጉም በክልሉ ዋልያ የተባለው የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት በኪራይ መልክ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ማሽኑ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የአከራዩ ንብረት ሆኖ ይቆያል፣ ሲያልቅ የሠሪው ይሆናል።

ሕጉም መያዣ የሚሆነውን ነገር አስፍቶታል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ገበሬው በይዞታው የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትን፣ ሰብልንና መሣሪያን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲያዝ መንገድ ከፍቷል። ይህ መልካም በር ነው፤ ሆኖም ዕዳው ባይከፈል ቤተሰቡ ለተወሰነ ዘመን የሚያርሰውን መሬት ሊያጣ እንደሚችል ባልም ሚስትም አውቀው መፈረም አለባቸው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትስ?

ገበሬ እህሉን የሚሸጠው ዋጋ በሚወድቅበት በታኅሣሥና በጥር ነው፤ በክረምት ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። የኅብረት ሥራ ማኅበር በአዝመራ ወቅት ተበድሮ የአባላቱን እህል ቢገዛና ቢያቆይ፣ ትርፉ ከነጋዴ እጅ ወደ አባላቱ ይመለሳል። ለዚህ አበዳሪው የሚጠይቀው መያዣ በዋናነት የመዝገብ ንጽሕና ነው፤ የተመረመረ ሂሳብ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ለመበደር የወሰነበት ቃለ ጉባኤ። የማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው፣ ከተጣራው ትርፍም 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ደንግጎ ነበር። መጠባበቂያው ማኅበሩ በክፉ ቀን የሚደገፍበት ነው፤ ትርፉን ሁሉ ተካፍሎ የሚበትን ማኅበር አበዳሪ አያምነውም።

ከማዳበሪያ ብድርም አንድ ትምህርት እናገኛለን። ቀድሞ ማዳበሪያ በክልሉ መንግሥት ዋስትና ከባንክ በብድር ይመጣና ለገበሬው በማኅበሩ በኩል ይታደል ነበር። ማኅበሩ ሸቀጥ አቅራቢም ዕዳ ሰብሳቢም ሆነ። ኋላ ላይ በክልሉ በተዘረጋው የኩፖን አሠራር ገበሬው ብድሩን ከብድርና ቁጠባ ተቋሙ ይወስድ፣ ማዳበሪያውን ግን በኩፖኑ ከማኅበሩ ይቀበል ጀመር። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሥራ ያዘ።

የጎረቤት ቃል የማይችለው ሸክም

የቡድን ዋስትና አንዱ ሲወድቅ አራቱ እንዲያነሡት የተሠራ ነው። አምስቱም አብረው ሲወድቁ ግን የሚያነሣ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዋግ ኽምራና በሰሜን ወሎ ዝናብ ሲጠፋ፣ በ2021ም ጦርነቱ ወደ ክልሉ ሲዘልቅ፣ የተጎዳው አንድ ሰው አልነበረም፤ ዋሱም ተበዳሪውም እኩል ተጎዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመክፈያ ቀን ማራዘም የሚችለው ተቋሙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ዝም ያለ ነው። ሰዎች ቡድናቸውን ራሳቸው ስለሚመርጡ በሽተኛዋን፣ አቅመ ደካማውን፣ ትናንት ወደ ቀበሌው የመጣውን ተፈናቃይ ማንም አይመርጥም። ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ዕዳውን እንደሚሸከሙ ስለሚያውቁ ነው። የስጦታ እጅ የሚያስፈልገው በትክክል እዚህ ላይ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስጦታን ብድር ብለን አንጥራ፣ ብድርንም በኋላ ስጦታ አናድርገው። ፕሮጀክት ያበደረውን ገንዘብ አዝኖ ሲምር፣ በዚያው መንደር የከፈሉት ሰዎች ሞኝ ሆነው ይቀራሉ፤ የሚቀጥለው አበዳሪም ሰው ያጣል።

ሁለተኛ፣ የእኛ እርዳታ ከብድሩ በፊት ይቅደም። ለስድስት ወር በትንሹ መቆጠብን፣ ገቢና ወጪን በደብተር መጻፍን፣ ገበያውን ማጥናትን እናስተምር። ማንበብ ለማይችለው ውሉን እናንብብለት። ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው ምን እንደሚሆንም እናስጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ማንንም «ወንድምህ ነው፣ እኅትህ ናት» ብለን ዋስ እንዲሆን አናስገድድ። ዋስትና በነጻ ፈቃድ ካልተገባ ከብድሩ ጋር ወዳጅነቱም ይጠፋል።

አራተኛ፣ በሬው ለሞተበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ መክፈል እየፈለገ ላቃተው ሰው የሚሆን የክፉ ቀን ገንዘብ በአጥቢያችን ይኑር። ከዚያ የሚሰጠው ስጦታ መሆኑ በግልጽ ይነገር፣ በመዝገብም ይጻፍ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ አንድን ሰው ወደ አበዳሪ ከመላካችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡና ይህን ጠይቁት፦ «ሥራው ባይሳካ ማን ይከፍላል? ያ ሰውስ ያውቃልን?» ሁለቱንም አጥርቶ ከመለሰ ይሂድ። ካልመለሰ ግን ጥቂት ወራት አብራችሁት ቆዩ።