መንገድ ያልደረሰባት የስኮትላንድ መንደር

ደጋና ባህር በእኛ አእምሮ አብረው አይሄዱም፡፡ ደጋ ሲባል ብርድ፣ ገብስና ጋቢ ይታየናል፤ ባህር ሲባል ደግሞ ምጽዋና አሰብ፣ ሙቀትና ላብ፡፡ ስለዚህ አንድ ወዳጃችን “ደጋ ውስጥ ያለች የባህር ዳርቻ መንደር ልጎበኝ ነው” ቢለን፣ ወይ ሐይቅ ማለቱ ነው ወይ ካርታ አያውቅም ብለን እንደመድማለን፡፡ በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ግን ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነው፡፡ ኢንቨሪ የምትባለው መንደር ከፊቷ ባህር፣ ከጀርባዋ ተራራ ሆና ተቀምጣለች፡፡ ደሴት አይደለችም፤ ከዋናው የብሪታኒያ ምድር ጋር የተያያዘች ናት፡፡ ሆኖም ከአገሪቱ የመኪና መንገድ ጋር የሚያገናኛት አንድም መንገድ የለም፡፡

“ሃይላንድስ” የሚባለው ይህ የስኮትላንድ ክፍል ስሙ ደጋ ማለት ቢሆንም በእኛ መለኪያ ቢታይ ቆላ ነው፡፡ በአካባቢው ከፍተኛ የሆነው ላርቬን ተራራ 1,020 ሜትር ብቻ ነው፤ ድሬዳዋ እንኳ ከዚያ ጫፍ በላይ ናት፡፡ የመላ ብሪታኒያ ቁንጮ የሆነው ቤን ኔቪስም ከ1,345 ሜትር አያልፍም፡፡ ይህን ሰምቶ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ግን ይቆጨዋል፡፡ ቦታው ከምድር ወገብ 57 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን የራቀ በመሆኑ ብርዱ ከከፍታ ሳይሆን ከኬክሮስ የሚመጣ ነው፡፡ ደግሞም ድሬዳዋ የደረሰ ሰው 1,200 ሜትሩን አልወጣውም፤ እዚያ ግን ተራራው ከባህር ጠርዝ ስለሚነሳ 1,020ውን ሜትር ከዜሮ ጀምሮ በእግር መውጣት የግድ ነው፡፡

ባህሩ ወደ ተራሮቹ መሀል እንዴት ገባ ቢባል መልሱ በረዶ ነው፡፡ በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ሸለቆዎቹን ቦርቡሮ ከባህር ወለል በታች አወረዳቸው፤ በረዶው ሲቀልጥ የባህሩ ውሃ ገባባቸው፡፡ እንዲህ ያለውን ረጅም የባህር ክንድ ስኮትላንዳውያን “ሎክ” ይሉታል፤ ሐይቅንም በዚያው ቃል ይጠራሉ፡፡ በደቡብ ሎክ ኔቪስ፣ በሰሜን ሎክ ሁርን አለ፡፡ የጌሊክ ስማቸውን የሚተረጉሙ ሰዎች አንዱን የገነት፣ ሌላውን የሲኦል ሎክ ይሏቸዋል፡፡ በሁለቱ መካከል የተሰካው ባህረ ገብ መሬት ኖይዳርት ሲሆን ኢንቨሪ በገነቱ በኩል ትገኛለች፡፡

ወደዚያ መድረስ ራሱ የጉብኝቱ ግማሽ ነው፡፡ ለንደን ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ከዩስተን ጣቢያ፣ ከቅዳሜ በስተቀር በየምሽቱ በሚነሳው የመኝታ ባቡር ተሳፍሮ ጠዋት ፎርት ዊሊያም ይደርሳል፡፡ ከግላስጎው የሚነሳም በባቡር አምስት ሰዓት ከምናምን ተጉዞ ማሌግ የምትባል የአሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ሐዲዱ ያበቃበታል፡፡ ከፎርት ዊሊያም እስከ ማሌግ ያለው ሐዲድ ሥራ የጀመረው በ1901 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ በመንገዱ ላይ ያለውን ባለ 21 ቅስት የግሌንፊናን ድልድይ ልጆች ያሏቸው አንባቢዎች ሳያዩት ያውቁታል፤ በሃሪ ፖተር ፊልሞች ውስጥ ባቡሩ የሚያልፍበት እሱ ነው፡፡ ከማሌግ በኋላ ያለው 11 ኪሎ ሜትር ያህል በጀልባ ነው፡፡ ጀልባ አልወድም የሚል በሌላ በኩል ዞሮ፣ ከኪንሎክ ሁርን ተነስቶ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተራራ ማቋረጥ ይችላል፡፡ ሦስተኛ አማራጭ የለም፡፡

ኢንቨሪ ሲደርሱ የሚታየው ነገር ብዙ አይደለም፡፡ በባህሩ ጠርዝ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ሱቅ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ድሮ ቀጥቃጭ ብረት ይሠራበት የነበረና ዛሬ “ኦልድ ፎርጅ” የሚባል መጠጥ ቤት፤ በቃ፡፡ መጠጥ ቤቱ በዋናው የብሪታኒያ ምድር ካሉት ሁሉ እጅግ የራቀው ተብሎ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል፡፡ በመንደሩ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድና በጀልባ ተጭነው የመጡ መኪኖች አሉ፤ መንገዱ ግን የትም አይወስድም፡፡ በመላው ኖይዳርት የሚኖረው ሰው 120 ገደማ ብቻ ነው፡፡

የጉብኝት መጻሕፍት እዚህ ጋ ሲደርሱ አንድ ቃል ይወዳሉ፤ “የሰው እጅ ያልነካው ምድር” ይላሉ፡፡ ጎብኚውም ባዶውን ሸለቆ፣ ዛፍ የሌለውን ተራራ አይቶ ተፈጥሮ እንዲህ ናት ብሎ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፡፡ ይህ ግን ስህተት ነው፡፡ ኖይዳርት ባዶ የሆነው ሰው ሳይደርስበት ቀርቶ ሳይሆን ሰው ተባርሮበት ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሃይላንድስ ባላባቶች፣ ከጭሰኛ ከሚገኘው ኪራይ ይልቅ ከበግ የሚገኘው ትርፍ እንደሚበልጥ ተረዱ፡፡ በግ ሰፊ ግጦሽና ጥቂት እረኛ ብቻ ይፈልጋል፤ በሸለቆው ድንችና አጃ እየዘራ የሚኖረው ሕዝብ ለዚህ ዕቅድ እንቅፋት ነበር፡፡ የኖይዳርት ተራ የደረሰው በ1853 ነው፡፡ መሬቱን ታስተዳድር የነበረችው የሟቹ ባላባት ሚስት ጆሴፊን ማክዶኔል፣ ጭሰኞቿ “ሲለሪ” በተባለች መርከብ ወደ ካናዳ እንዲሄዱ አዘዘች፡፡ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ተሳፈሩ፡፡ አንሄድም ብለው የቀሩትን ቤተሰቦች ጎጆ የባላባቷ ሰዎች አፈረሱባቸው፤ ሰዎቹ በፍርስራሹ ጥግ መጠለያ ቢቀልሱም እሱንም አፈረሱት፡፡ ዛሬ በእግር የሚጓዝ ጎብኚ በሣር የተሸፈኑ የድንጋይ ካቦችን ካየ የበግ በረት ሊመስሉት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሰው ይኖርባቸው የነበሩ ቤቶች ናቸው፡፡

የተራሮቹ መራቆትም ቢሆን ከዚሁ ታሪክ የተለየ አይደለም፡፡ ከበጉ በኋላ ርስቱ ከከበርቴ ወደ ከበርቴ እየተሸጠ የአጋዘን ማደኛ ሆነ፡፡ ለአደን ሲባል እንዲበዙ የተተዉት አጋዘኖች የሚበቅለውን ችግኝ ሁሉ እየነጩ ስለሚበሉት ጫካው መልሶ ሊተካ አልቻለም፡፡

በ1930ዎቹ መሬቱ ሎርድ ብሮኬት በተባሉ መኳንንት እጅ ገባ፡፡ እኚህ ሰው በ1939 በሂትለር የሃምሳኛ ዓመት የልደት በዓል ላይ የተገኙ፣ ለናዚዎች የነበራቸው ወዳጅነት የታወቀ ሰው ናቸው፡፡ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በኅዳር ወር 1948፣ ሰባት የአካባቢው ወንዶች በርስቱ ገብተው 65 ኤከር የእርሻ መሬትና 10 ሺህ ኤከር ያህል ተራራ ችካል ተክለው ያዙ፡፡ ከመካከላቸው ከጦር ሜዳ የተመለሱ ነበሩ፡፡ የጠየቁት ነገር ሰማይ አይነካም፤ የምንኖርበትና የምናርሰው ቁራሽ መሬት ይሰጠን ነው ያሉት፡፡ “መሬት ላራሹ” የተጮኸበትን ዘመን ለሚያስታውስ አንባቢ ጥያቄውን ማብራራት አያስፈልግም፡፡ ሎርዱ የፍርድ ቤት እግድ አወጡ፤ ሰባቱም ሕግ አክባሪ ነበሩና እግዱን አክብረው ወጡ፡፡ መንግሥት የሰየመው አጣሪም ፈረደባቸው፡፡ መሬቱን አንዴ ከለቀቁ በኋላ ጉልበታቸው አብሮ ወጣ፡፡ ሐሚሽ ሄንደርሰን የተባለው ገጣሚ ዘፈን ስለጻፈላቸው ስማቸው በስኮትላንድ ሁሉ ታወቀ፤ እነሱ ግን መሬት አላገኙም፡፡ በ1991 በኢንቨሪ የቆመላቸው የድንጋይ ሐውልት በጌሊክና በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይገኛል፡፡ በእኔ አስተያየት ኢንቨሪ ሄዶ መጠጥ ቤቱን ብቻ አይቶ ይህን ሐውልት ሳያይ የሚመለስ ሰው ገንዘቡን አባክኗል፡፡

ከዚያ በኋላ ርስቱ ብዙ ባለቤቶችን አፈራረቀ፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስቴር ለጦር ልምምድ ሊገዛው ሲያስብ ተቃውሞ ተነሳ፡፡ ጆን ሙር ትረስት የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በ1983 የተቋቋመውም ከዚሁ ስጋት ጋር በተያያዘ ነበር፡፡ በመጨረሻም ርስቱን የያዘው ኩባንያ ከስሮ ንብረቱ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ነዋሪዎቹ ከአካባቢው ምክር ቤትና ከደጋፊዎች ጋር ሆነው ኖይዳርት ፋውንዴሽን በሚል ስም በመጋቢት 1999 ገዙት፡፡ 17,200 ኤከር (70 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል) መሬት በ750 ሺህ ፓውንድ! ከለጋሾቹ አንዱ የሙዚቃዊ ቴአትር ፕሮዲዩሰሩ ሰር ካሜሮን ማኪንቶሽ ነበሩ፡፡ የስኮትላንድ ፓርላማ በ2003 ባወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች፣ መሬታቸው ለሽያጭ ሲቀርብ የቅድሚያ ገዢነት መብት አገኙ፡፡ ኖይዳርትና ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድማ በነዋሪዎቿ የተገዛችው የኤግ ደሴት ለዚህ ሕግ መንገድ ከጠረጉት መካከል ናቸው፡፡

መሬት መግዛት ግን ቀላሉ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ መንደሩ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር አልተያያዘም፤ መብራት የሚያገኘው ከበላዩ ካለው ሐይቅ በሚወርድ ውሃ ከሚሠራ የራሱ አነስተኛ ኃይል ማመንጫ ነው፡፡ ማመንጫው ያረጀ ስለነበር ፋውንዴሽኑ አሳደሰው፤ መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚደወልለት የሩቅ መሥሪያ ቤት የለም፣ ራሳቸው ናቸው የሚጠግኑት፡፡ ዛፍ ይተከላል፣ የአጋዘኑ ቁጥር በአደን ይቀነሳል፡፡ መጠጥ ቤቱንም ቢሆን በ2022 አክሲዮን ሸጠውና ድጋፍ አሰባስበው ከግል ባለቤትነት ወደ መንደሩ ባለቤትነት አዛወሩት፡፡ ስለዚህ እዚያ የሚያድር ጎብኚ በፋውንዴሽኑ የጋራ ማደሪያ ለአልጋ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በመጠጥ ቤቱም ለእራቱ የሚከፍለው፣ ለማን እንደሚገባ ያውቃል፡፡ ድንኳን ተሸክሞ የመጣም አይከለከልም፤ የ2003ቱ ሕግ በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ ማንም ሰው ባልታጠረ መሬት ላይ እንዲራመድና እንዲያድር ይፈቅዳል፡፡

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ነገር እንጨምር፡፡ የአውሮፓ ሸንገን ቪዛ እዚያ አይሠራም፤ የብሪታኒያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋል፡፡ የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ወደ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ግን ከሰባት ሰዓት ያነሰ ብርሃን ነው የሚገኘው፡፡ አካባቢው በብሪታኒያ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ስለሆነ በበጋም ቢሆን የዝናብ ልብስ ግዴታ ነው፡፡ ከዝናቡ ይልቅ የሚያማርረው ግን “ሚጅ” የምትባለው፣ ከትንኝ ያነሰች ተናካሽ ነፍሳት ናት፤ ወባ አታስተላልፍም፣ ነገር ግን ነፋስ በሌለበት የሐምሌ ምሽት በደመና መልክ መጥታ እራት ታስጥላለች፡፡ ግንቦት የሚሻለው ለዚህ ነው፡፡

ጀልባውንም አስቀድሞ መያዝ ይገባል፤ ማዕበል ከበረታ ሊቀር እንደሚችል አውቆ አንድ ትርፍ ቀን መያዝም አይከፋም፡፡ ለጎብኚው ይህ የአንድ ቀን መጉላላት ነው፡፡ የመንደሩ ልጆች ግን አንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ማዶ ማሌግ ነውና፣ ያንኑ ባህር በዚያው ጀልባ እየተሻገሩ፣ በሳምንቱ ውስጥ እዚያው እያደሩ ይማራሉ፡፡