ባሌስትራ ከማስጨመርዎ በፊት

የቆቦን ማሽላ ሲያመላልስ የኖረ አሮጌ ፒካፕ ካለዎት፣ የፊት ባሌስትራው መርገቡ አይቀርም። አንድ ቅጠል ቢያስጨምሩ መኪናው ቀና ይላል፤ ተጨማሪ ኩንታል መጫንም ያምርዎታል። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

በራያ ሜዳ ላይ ጉድለቱ አይታወቅም። ከኮረም በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ሲወርዱ ግን፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይጠብቅዎታል። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ትልቁ ሥራ የፊት ፍሬን ነው። እንደ ቀደምቶቹ ባለ 40 ላንድ ክሩዘሮች በአራቱም እግር ታምቡር ያለው መኪና፣ ፍሬን ሲደጋገምበት ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ዲስክ ግን ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

ፍሬን፦ ለሞዴሉ የሚስማማ የፊት ዲስክ ከነካሊፐሩ ያስገጥሙ። የፍሬን ማስተሩም ለዲስክ የሚመጥን ይሁን።

ዘይት፦ ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ያስቀይሩት።

ባሌስትራና አሞርዛተር፦ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ያስቀይሩ። የጎማውንም አቀማመጥ ያስለኩ።

ጠንካራ ባሌስትራ ከልክ በላይ የመጫን ፈቃድ አይደለም፤ ጋቢናው ውስጥ ቤተሰብዎ አለ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገቡ፤ ፍሬኑንም ያሳርፉት።