ባሕር በመስተዋት ሣጥን
በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም እንዴት ይቋቋማል?

በደጋ አገር ያደገ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ሥፍራ በጣቱ እያሳየ «ይህ ቀይ ባሕር ነው፤ ይህ የሕንድ ውቅያኖስ ነው» ይላል፤ ለመልሱም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ነገር ግን በዚያ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ከጎረቤቱም ጋር እንዴት እንደሚስማማ ካርታው አይነግረውም። ልጆቹን ሁሉ ወደ ባሕር መውሰድ አይቻልም፤ ባሕርን ግን በትንሹ ወደ ልጆቹ ማምጣት ይቻላል። የጨው ውሃ አኳሪየም ማለት ይኸው ነው፤ የባሕር ፍጥረቶች የሚኖሩበት የመስተዋት ሣጥን።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ምናልባት ነገ መምህር ሆነው የሚወጡ ተማሪ ይሆናሉ፤ ወይም ከደመወዝዎ ቆጥበው ለተማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ለማበርከት የሚያስቡ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። የአኳሪየም ባለቤት የሚጠብቀው ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን ነው። ውሃው ጤነኛ ከሆነ ዓሣው ራሱን ይችላል፤ ውሃው ከተበላሸ ግን ምግብም ሆነ ፍቅር አያድነውም።

ለንደንም የባሕር ዳር ከተማ አይደለችም

«ባሕር በሌለበት አገር ይህ እንዴት ይሆናል?» ይሉ ይሆናል። ሥራው ያደገው ከባሕር ራቅ ባለ ከተማ መሆኑን ሲሰሙ ሐሳብዎ ይቀላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ከቶርኪ ጠረፍ የሰበሰቡትን ሕያው ኮራል ወደ ለንደን ቤታቸው አመጡ። የባሕር ውሃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ያው ውሃ አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛቸው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ በየቀኑ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። ኮራሎቹም በሕይወት ቆዩ። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ሕዝብ የሚያየው አኳሪየም ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ይኸው ሰው አራት ዓይነት ጨው በመጠን ቀላቅሎ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የሚገኝበትን መንገድ አሳይቷል። እንግዲህ ለእኛ የሚያስፈልገን ጠረፍ ሳይሆን ሚዛንና ትዕግሥት ነው።

ሣጥኑና ሥፍራው

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ለአንድ ክፍል ይበቃል። ልጆቹ ሲያባዙት 84 ሊትር ያገኛሉ። አሸዋውና ድንጋዩ ሥፍራ ስለሚይዙ፣ እስከ አፉም ስለማይሞላ፣ በውስጡ የሚገባው ውሃ 70 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ያነሰ ሣጥን ርካሽ ቢመስልም ሥራው ይበልጥ ያስቸግራል፤ ጥቂት ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይበላሻልና።

ውሃው፣ ድንጋዩና መስተዋቱ ተደምረው ከአንድ ኩንታል የማያንስ ክብደት ይኖራቸዋል። ስለዚህ በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ የማይነቃነቅ ጠንካራ መደብ ያስፈልገዋል። ፀሐይ በቀጥታ በምትገባበት መስኮት አጠገብም አያስቀምጡት፤ ውሃው ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ አረንጓዴ አልጌም መስተዋቱን ይሸፍነዋል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከውሃው ከፍ ብሎ ይተከል። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ከሶኬቱ ሳይደርስ መሬት እንዲወድቅ ነው። ማንም ሰው እጁን ከውሃው ከማስገባቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ይነቀል።

አሞሌ ለምን አይሆንም?

ከተማሪዎቹ አንዱ «ጨው ከሆነ የሚያስፈልገው ከገበያ አሞሌ አንገዛም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። የዳናክል ረባዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ የገባበት ሥፍራ ነበረ፤ ዛሬም በዳርቻው የጥንት ኮራል ደርቆ ይታያል። በአፋር ምድር እየተቆረጠ በግመል የሚጫነው፣ ለብዙ ዘመንም እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው።

ነገር ግን ባሕር ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጨዎች በአንድ ጊዜ አይረጉም፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይረጋል። ስለዚህ አሞሌ በአብዛኛው ያው የምግብ ጨው ብቻ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ግን 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ የምግብ ጨው 27 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የቀረው ማግኔዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ያለበት ነው። ሸርጣን ቅርፊቱን፣ ቀንድ አውጣም ዛጎሉን የሚሠራው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግዴታ ነው።

ዱቄቱ እርጥበት ስላለው ለአንድ ሊትር 37 ግራም ያህል ይመዘናል፤ ለ70 ሊትር ሁለት ኪሎ ተኩል ከመቶ ግራም ገደማ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ የክሎሪን ማጥፊያ ይጨመርበታል። ጨዉ ከሟሟ በኋላ በሃይድሮሜትር ሲለካ ከ1.024 እስከ 1.026 ማሳየት አለበት።

ማሞቂያና አየር

የባሕሩ ዓሣ የሚፈልገው ሙቀት 25 ዲግሪ ያህል ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር 100 ዋት ያህል ማሞቂያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የደጋ ችግር አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያ ከሚያዘው በላይ የውሃው ገጽ መናወጥ አለበት፤ የዓሣውም ቁጥር ማነስ አለበት።

መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ። ሣጥኑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ 70 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ አይበርድም። ከዚያም የአና ቲን ሠራተኛ እንዳደረገችው፣ ውሃውን በንጹሕ ጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ካለ ደግሞ እጅግ መልካም ነው።

ዓሣ የሌለበት ስድስት ሳምንት

አሁን ሣጥኑ ሞልቷል፤ ውሃውም ጠርቷል። ልጆቹም «ዓሣው መቼ ይመጣል?» እያሉ ይጨቀጭቁዎታል። በዚህ ጊዜ እሺ ካሉ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ የተባለ መርዝ ከሰውነቱ ይወጣል። በሰፊው ባሕር መርዙ ይበተናል፤ በሣጥን ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ያንኑ ዓሣ ይገድለዋል። የሚያድነው በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራባ፣ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ያጠናው ይህንኑ የባክቴሪያ ሥራ ነበር።

እነዚህ ሠራተኞች ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ባለቀዳዳ ድንጋይና ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮራል አሸዋ ብቻ ይኖርበታል። ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበታል። ልጆቹም ቀለም በሚለውጥ መመርመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየለኩ በግድግዳ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፉ። አሞኒያው ይወጣል፤ ከዚያ ይወርዳል። ናይትራይቱ ተከትሎ ይወጣል፤ እርሱም ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ቤቱ ተሠርቷል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ተረት እዚህ ላይ በቁጥር ሲረጋገጥ ልጆቹ ያዩታል።

እንግዶቹ

በመጀመሪያ ሁለት ትንንሽ የባሕር ሸርጣኖችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይግቡ። ሸርጣኑ ባዶ ዛጎል ተከራይቶ የሚኖረው ዓይነት ቢሆን ለልጆች ደስ ይላል፤ ሰውነቱ ሲያድግ ቤቱ ስለሚጠበው፣ ሰፋ ያሉ ባዶ ዛጎሎች ይቀመጡለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሣዎች ይጨመሩ። ከባሕር የተጠመዱትን ሳይሆን በእርባታ የተወለዱትን ይምረጡ፤ ሣጥኑን ለምደው ያደጉ ናቸው፤ ባሕሩም አይራቆትም። የዚህ ዓሣ ጠባይ አስገራሚ ነው፤ ሲያድግ በመጀመሪያ ወንድ ይሆናል፤ ከሁለቱ የበላይ የሆነው ደግሞ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ለ70 ሊትር ውሃ ከእነዚህ በላይ አይጨምሩ።

ዓሣን በክፍል ውስጥ በብዛት የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን ጥጋብ ነው። ሃምሳ ልጆች ሃምሳ ቁንጥር ምግብ ቢጥሉ ውሃው በማግሥቱ ይሸታል። ስለዚህ በቀን አንድ ተረኛ ይመደብ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይስጥ። ቅዳሜና እሑድ ባይበሉ አይጎዱም። ሳንቲም እንዳይጥሉበትም ይከልክሉ፤ መዳብ ለሸርጣንና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ በመስተዋቱ ላይ መስመር ያስምሩ፤ ከመስመሩ የጎደለውን ክሎሪን በጠፋለት ጨው አልባ ውሃ ይሙሉ። በየሳምንቱ ደግሞ ሰባት ሊትር አሮጌ ውሃ በቱቦ ይወጣና በልኩ የተቀመመ አዲስ የጨው ውሃ ይተካል። ሰባት ጊዜ 37 ግራም ስንት እንደሆነ ተረኛው ያስላ።

ክረምት ሲመጣ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በትምህርት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዓሣው ማን ዘንድ ያድራል? ይህ ጥያቄ ከገንዘቡ ጥያቄ ይቀድማል። ክላውንፊሽ በመልካም አያያዝ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥረኛ ክፍል ሲደርስም ዓሣው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጋር ይነጋገሩ፤ በክረምት የሚጠብቀው መምህር ወይም ዘበኛ በስሙ ይታወቅ፤ ሥራውንም ተለማምዶ ይቆይ፤ ለድካሙም ይከፈለው። ሥራው ቢቋረጥም ፍጥረቶቹ ለሚያውቅ ሰው ይሰጣሉ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይጣሉም።

ይህን ማረጋገጥ ካልቻሉ ዓሣውን ይተዉት። በምትኩ አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ፣ 30 ግራም የምግብ ጨውና አንድ ቁንጥር የአርቴሚያ እንቁላል ያዘጋጁ። አርቴሚያ በጨው ሐይቅ የሚኖር በጣም ትንሽ ፍጥረት ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። 27 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ ብርሃንና አየር ካገኘ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ ወገን የእጅ ባትሪ ቢያበሩ ጫጩቶቹ ሁሉ ወደ ብርሃኑ ሲዋኙ ልጆቹ ያያሉ። በጣም ጥቂት እርሾ እየተመገቡ በሦስት ሳምንት ገደማ ያድጋሉ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ትምህርቱ ያልቃል።

ልጅ ከአስተማሪው የሚማረው የተነገረውን ብቻ አይደለም። በክፍሉ ያለ ፍጥረት በቸልታ ሲሞት ካየ፣ ሕይወት ርካሽ መሆኑን ይማራል፤ አስተማሪው ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ ሲጠብቅ ካየ ደግሞ ጥንቃቄን ይማራል። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ሣጥኑን ከመግዛትዎ በፊት ሐምሌንና ነሐሴን ያስቡ፤ ከዚያ በኋላ ጨዉን ይመዝኑ።