መምህር ሆይ፣ ሩዙስ የት ገባ?

አንድ የወረታ ወጣት መምህር በትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ሊማር አመለከተ እንበል። «ፐርሰናል ስቴትመንት ጻፍ» ተባለ። ምን ብሎ ይጀምራል መሰላችሁ? «ከልጅነቴ ጀምሮ መምህርነትን እወዳለሁ!» ኧረ ይህንንማ ማን የማይል አለ? ከመቶ ማመልከቻ መሀል ምኑ ይለየዋል?

የሚጽፈው ነገር ግን ደጁ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ኅዳር ላይ ደግሞ የሩዝ አጨዳ ነው፤ እጅ ይፈለጋል፣ ተማሪ ይቀራል። ልጆቹ ሲመለሱ መምህሩ ያመለጣቸውን እንዴት አካካሰ? ምን ሞከረ? ምኑ ሠራ፣ ምኑስ ከሸፈ? ምን ዕውቀት ቢያጥረው ነው ሥርዓተ ትምህርት ወይም የትምህርት አስተዳደር ልማር ያለው? ስቴትመንቱን የሚያነቡት መራጮች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ፣ «ራስን ማወደስ ነውር ነው» ተብለን ማደጋችን ነው። ወዳጆቼ፣ የሠሩትን መናገር ጉራ አይደለም! ጉራ የሚሆነው ያልሠሩትን ሲጨምሩበት ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስማችሁን ሸፍናችሁ አንብቡት። ሌላ ሰው ሊፈርምበት የሚችል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሳትሳሱ ሰርዙት።