በብር የሚመነዘር ደሞዝ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ባል ከሌሊት ሥራው መመለሱ ነው፤ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም። ሚስት ከፎቅ ወርዳ ፓርኪንጉ ዳር ትጠብቀዋለች። የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት፤ ሥራ ቦታዋ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ቀርቷታል። ሕፃኑ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ከእሷ እቅፍ ወደ እሱ ያልፋል፣ የመኪናው መሪ ከእሱ እጅ ወደ እሷ። «ጡጦው ተዘጋጅቷል፤ ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ ነው» ትለዋለች። የዕለቱ ጨዋታቸው ይኸው ነው። የማውቃቸው ጥንዶች ናቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፤ አብረው ራት የሚበሉት እሑድ ብቻ ነበር።

አገር ቤት ያለ ዘመድ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ አልተለወጠም። «ሁለታችሁም በዶላር እየሠራችሁ ገንዘቡ የት ይገባል?» ከጥያቄው ጀርባ ያለው ጥርጣሬም ያው ነው፦ ወይ ሰስተዋል፣ ወይ ረስተውናል።

ነገሩ ከመነሻው፣ ጥንዶቹ ከመጡበት ከዲቪ፣ ይጀምራል። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረ ዕጣ ነው፤ ለብዙ ወጣት የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የአሜሪካ በር ሆኖ ቆይቷል። ዕጣ መሆኑ ግን ነፃ አያደርገውም። የቪዛው ክፍያ በሰው 330 ዶላር ነበር፣ ለጨቅላውም ለአባወራውም እኩል። ለአራት ሰው 1,320 ዶላር ማለት ነው። የጤና ምርመራውና የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚህ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ሶፋው ይሸጣል፣ ፍሪጁ ይሸጣል፣ የጎደለው ከዘመድ ይበደሩታል። ቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በርበሬና ሽሮ ሞልቶ ሲደርስ ዕዳው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በተቀባዩ ዘመድ ቤዝመንት ያልፋሉ። ቤት ለመከራየት ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ፣ ይጠየቃል፤ ብዙ አከራዮችም የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚሆን የወር ገቢ ይፈልጋሉ። ትናንት የመጣ ሰው ደግሞ ክሬዲት የለውም። አገሩ ላይ ለማንም የአምስት ሳንቲም ዕዳ የሌለበት ሰው መሆኑ እዚህ ማንንም አይገርምም፤ የማይበደር ሰው እምነት የሚጣልበት አይደለም። (ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ።) ክፍተቱን የሚሞላው ዕቁብ ነው። ባንክ የነፈገውን የዕቁቡ ዳኛ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዋ አሮጌ መኪና የምትገዛው ብዙ ጊዜ በዕቁብ ብር ነው።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ኪራዩ ላይሆን ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጨቅላ ልጅን ዴይኬር ማስገባት በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። የከተማዋ ዝቅተኛ ደሞዝ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) በሰዓት 17.95 ዶላር ሆነ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀሩ ቢሠሩ 37,336 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጣል። የዴይኬሩ ሲቀነስ ከአንድ ሰው ሙሉ የዓመት ልፋት የሚተርፈው ቢበዛ ከ14 ሺህ ዶላር ትንሽ ፈቅ ያለ ነው፣ የገቢ ግብሩም ሳይነሳ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ዝቅተኛው ደሞዝ ከዚህም ያንሳል። ሁለት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው መሥራት አያስፈልገውም። አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት ይገባል። ሰው ቁጠባ ሲባል ኩፖንና ርካሽ ጫማ ይመስለዋል፤ የእነዚህ ወላጆች ትልቁ ቁጠባ እንቅልፋቸው ነው።

መንግሥት አይረዳም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ በዲቪ የገባ አዋቂ ከአብዛኞቹ የፌዴራል ድጎማዎች ለአምስት ዓመት እንዲርቅ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ የሚሰጠው ዊክ ግን ክፍት ነው። እሱንም «ወረቀታችንን ያበላሽብናል» ብለው ፈርተው የሚተዉ አሉ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ብልሃቱ ያምራል። የኖርዌይ ዝርያ ላላቸው አሜሪካውያን ሌፍሳ የተባለ የድንች ቂጣ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የእኛ እንጀራ ምጣድ ከሆነ ቆይቷል። ጤፍ በአይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘራል፤ ዋጋው ስለማይቀመስ ግን ብዙዋ እናት ከሌላ ዱቄት ጋር ትቀይጠዋለች። እሑድ ይጋገራል፣ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ፍሪዘር ይገባል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፤ ከልጆቹ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግባል።

ወደ ዘመዱ ጥያቄ ልመለስ። አለመግባባቱ ያለው ማባዛቱ ላይ ይመስለኛል። ሐምሌ 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አገር ቤት ያለው ሰው የአሜሪካውን ደሞዝ በዚያ ያባዛና ሀብታም ዘመድ ያገኛል። የሚገርመው፣ አዲስ መጪውም ያባዛል፤ አምስት ዶላር የሚሸጥ ማኪያቶ ፊት ቆሞ በብር ያሰላና ሳይጠጣ ይወጣል። ኪራዩን ግን ማንም አባዝቶ አያይለትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁ ገንዘቡ ኢምንት መስሎ ነበር። ሆኖም ያቺ ዶላር ከመጠየቋ በፊት ለእናት መድኃኒት፣ ለታናሽ እህት ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ ተብላ ተከፋፍላ አልቃለች። ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ የአሜሪካ መንግሥት 1 በመቶ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ላይ ያነሳኋቸው ጥንዶች ባለፈው ዓመት ከቨርጂኒያ ወጥተው ዲሲ ውስጥ ጠበብ ያለች፣ ኪራይዋም የከበደ ባለ አንድ መኝታ ቤት ገቡ። ዘመድ አበዱ አለ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ መሠረት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን በነፃ ታስተምራለች፤ የትምህርት ቤት ቦታው የሚደለደለው በዕጣ ነው። ይኸኛውም ዕጣ ወጣላቸው። እሱ የሌሊቱን ሥራ ትቶ ቀን መግባት ጀመረ። አሁን ማክሰኞም ራት አብረው ይበላሉ።